ለአንድ ገጽ ወረቀት ልጄ ክፍል ትድገም?

ይድረስ ለክፍለ ከተማችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሀዋሳ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሰሌዳ ማየት የማትችለው ልጄ ቴስት በወረቀት እንዲሰጣት የጠየቅኩበትን ጉዳይ ያውቁታል። መጀመሪያ ለልጄ መምህር ነገርኩ። ቀጥሎ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም ለእርስዎ ቢሮ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ወጥቶለታል። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ሆነ። ስደውል ስብሰባ፣ ስመጣ መስክ። በር ማንኳኳቱ ስላልሠራ አሁን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ልጄ አልቢኒዝም አለባት። ፋይሏን ያነበበ ሰው ስላላገኘሁ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ልድገመው። ቆዳዋና ፀጉሯ ብቻ አይደለም፤ ዓይኗም ቀለም ይጎድለዋል። ብርሃን ይወጋታል። ዓይኗ ሳታስበው ወዲያ ወዲህ ይርገበገባል። አጥርተን የምናይበት የዓይን የውስጥ ክፍል እሷ ጋ በደንብ ስላልዳበረ መነጽር ብቻውን አያስተካክለውም። መጽሐፍ ግን ታነባለች። ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትሰለች ታነባለች። የማታየው ሰሌዳውን ነው። ከፊት ወንበር ብትቀመጥም አታየውም። ይህን የዓይን ሐኪም ጽፎ ፈርሞ ሰጥቶናል። ወረቀቱ ትምህርት ቤቱ እጅ ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ የሆነውን ልንገርዎት። በልጄ ትምህርት ቤት ቴስት የሚሰጠው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነው። መምህሩ ጥያቄውን በጠመኔ ይጽፋል፤ ልጆች እየገለበጡ ይሠራሉ። ክላስ ወርኩም እንደዚያው ነው። ልጄ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሰዓቱ ያልቃል። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ በሹክሹክታ ልታነብላት ስትሞክር «አታስኮርጂ» ተብላ ቦታዋ ተቀየረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ስሟን ብቻ የጻፈችበትን ወረቀት ታስረክብ ጀመር። ዜሮ ይሰጣታል። ደብተር ሲታረምም «አልገለበጠችም» ተብሎ ዜሮ።

የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ግን ታትሞ በወረቀት ይመጣል። እባክዎ ካርዷንና የማርክ መዝገቡን አስመጥተው ጎን ለጎን ይዩት። ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ በሁሉም በወረቀት የተፈተነችው ላይ ከክፍሉ ጎበዞች ጋር ናት። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ባዶ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ትምህርት፣ በአንድ ሴሚስተር፣ ጎበዝም ሰነፍም ልትሆን አትችልም። መዝገቡን የሞላው ሰው ይህን ሳያይ ቀረ ብዬ ማመን ያቅተኛል። ሁለቱ ተደምሮ ውጤቷ ከማለፊያው በታች ሆነ። አምስተኛ ክፍልን ትደግማለች ተባለ።

ልጄ ካርዷን ይዛ ስትመጣ «አባ፣ ምኑን ነው የምደግመው?» አለችኝ። ትምህርቱን ታውቀዋለች። መልስ አልነበረኝም። እርስዎ ካለዎት ይንገሯት።

ይህ ከመሆኑ በፊት የጠየቅኩት ነገር ትንሽ ነበር። መምህሩ የቴስቱን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ይስጣት፤ እስክትጨርስም ጥቂት ደቂቃ ይጨመርላት። «በጀት የለም» ሲባል ወረቀቱንም የፎቶ ኮፒውንም እኔ እችላለሁ አልኩ። የተሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ለእሷ ለብቻዋ ከሰጠን በሌሎቹ ላይ አድልዎ ይሆናል።»

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህ መልስ ከሕጉ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ማመቻቸት ማለት ደግሞ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን፣ ተቋሙን ከአቅም በላይ የማያስጨንቀውን ማስተካከያ ማድረግ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ማንን ያስጨንቃል? ያውም አባቷ እየከፈለ? ወረቀቱን መስጠት አይደለም አድልዎ፤ አድልዎው መከልከሉ ነው። ስለ ትምህርት የሚናገረውን አንቀጽ 24ን ለእርስዎ መጥቀስ አይገባኝም ነበር። ሥራዎ ነው።

ቢሮዎ በቃል የሰጠኝ ሁለተኛ መልስም አለ። «ለምን ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አትወስዳትም?» ልጄ ዓይነ ስውር አይደለችም። በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ብሬል መማር ክብር ነው፤ ለሚያስፈልገው ልጅ መብቱም ነው። እሷ ግን የታተመ ፊደል ታነባለች። የሚያስፈልጋት ወረቀቱ እጇ ላይ መግባቱ ነው። ከቤቷና ከሰፈር ጓደኞቿ ነጥሎ ወደ ሌላ ከተማ መላክ ምኑን ይፈታል? በ1994 እ.ኤ.አ. 92 መንግሥታት ስፔን ውስጥ ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው የተስማሙበት ዋናው ነገር እኮ ይኸው ነው። ልጆች በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አብረው ይማሩ፤ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ይስማማ። የእኛው ትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ልጄ ያኔ አልተወለደችም ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ላይ ልጄ «በአካቶ ትምህርት ተጠቃሚ»፣ ማለትም ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ፍላጎቷ ተደግፋ የምትማር ተብላ ተቆጥራለች። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳረረኝ ይህ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 4 ላይ፣ ማስተማሪያው፣ ምዘናውና አሠራሩ ሳይለወጥ ልጅን መደበኛ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን አካቶ እንዳልሆነ ጽፏል። ልጄ ተመዝግባለች፣ ወንበር አላት፣ ተቆጥራለች። አልተማረችም ማለት ግን አልችልም፤ በጆሮዋ ተምራለች። ያልተደረገው ያወቀችውን እንድታሳይ ዕድል መስጠት ነው።

መምህሩን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ ደመወዙንም ኑሮውንም አውቃለሁ። በኮሌጅ ስለ ልዩ ፍላጎት የወሰደው ኮርስ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አላሳየውም። ግን ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ድምፁን አውጥቶ እያነበበ ይጻፍ፤ ይህ ከኋላ ለሚቀመጡትም ይጠቅማል። ልጄን ከመስኮቱ ፊት አንስቶ ብርሃኑ ከጀርባዋ የሚሆንበት ቦታ ያስቀምጣት። የማስተማሪያ ማስታወሻውን ደብተር ለአንድ ቀን ያውሳት። ጓደኛዋ ታንብብላት፤ ማንበብ ማስኮረጅ አይደለም። አንዳንዱን ጥያቄ በቃሏ ይጠይቃት። ሀዋሳ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያለባት ከተማ ናት። መምህራኑን ቅዳሜ ሰብስቦ ይህን የሚያሳይ ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፈተናው ጋር ባይገናኝም። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ልጄ ኮፍያዋን እንድታወልቅ ትደረጋለች። «የዩኒፎርም ደንብ ነው» ይባላል። የሀዋሳን ፀሐይ ያውቁታል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ሲደጋገም ወደ ቆዳ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ትዘምራለች። ኮፍያዋን ግን ተዉላት።

የምጠይቀው ይህን ነው። የልጄ የማርክ መዝገብ ይመርመር። ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ባዶ የተሰጣት ቴስቶች በሙሉ በወረቀት ይሰጧትና ውጤቷ እንደገና ይሠራ። እስኪወሰን ድረስም ስድስተኛ ክፍል ገብታ ትማር፤ እርስዎ ፋይል እስኪያገላብጡ እሷ ትምህርት እያለፋት መቀመጥ የለባትም። በክፍለ ከተማው ላሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ሰሌዳ ማየት ለማይችል ተማሪ ቴስት በወረቀት እንዲሰጥ አንድ ሰርኩላር ይጻፍ። እንደ ልጄ ያሉ፣ አባታቸው ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ልጆች በዚህ ከተማ አሉ። «ሰነፍ» ተብለው ክፍል እየደገሙ ነው፤ አንዳንዶቹም ተስፋ ቆርጠው ቤት ቀርተዋል።

ጥያቄዬን የማይቀበሉት ከሆነም በየትኛው ሕግና መመሪያ እንደከለከሉ ጠቅሰው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው በጽሑፍ ይስጡኝ። ያንን ይዤ ወደ በላይ አካል እሄዳለሁ። የቃል መልስ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

የተማሪዋ አባት
ሀዋሳ