ሚሚ ምንም ሳታስቀር ታንብብልዎ

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ግቢውም ደህና ነው። ማንጎውን ነፋስ አረገፈው፤ የተረፈውን ማሙሽና ጓደኞቹ ሳይበስል ጨረሱት። እርስዎ ቢኖሩ በከዘራ ያባርሯቸው ነበር። እኔ ዝም አልኳቸው። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ከክፍሉም 3ኛ ወጣ። በሒሳብ ግን እኔን ነው የወጣው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድን ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክማ «በይ ሂሳብ ይቆጥርብሻል» ብለው ይዘጉብኛል። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይዘው እንደሚውሉ እትዬ ነገረችኝ። እንግዲያው ፊልም ልንገርዎ። ድሮ ለእኔ ይነገረኝ እንደነበረው።

«ሾላይ»ን ያስታውሱታል? ከወንድማለም ጋር ሁለት እሁድ ሄዳችሁ ያያችሁትን የህንድ ፊልም። ነጩን ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። «ለሴት ልጅ ሲኒማ ምን ያደርግላታል? እናትሽን አግዢ» አሉኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማታ ስትመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ አመጡልኝ። በላሁት። ለውዝ ግን እስከ ዛሬ አልወድም።

ወንድማለም ነው ሌሊቱን ጋቢ ውስጥ ሆነን የተረከልኝ። የአሚታብ ባችቻንን ዕጣ አጣጣል በአምስት ሳንቲም እያሳየ። በእሱ ትረካ ሁለቱም ጓደኛሞች ሽፍታውን አሸንፈው በባቡር ይመለሳሉ። ካደግሁ በኋላ ሲዲውን ተከራይቼ ሳየው አሚታብ ይሞታል! ጓደኛው ሳንቲሙን አንስቶ ቢያየው ሁለቱም ፊቱ አንድ ነው። ለካ ዕጣው ሁልጊዜ አሚታብ የፈለገው ነበር የሚወጣው። እዚያ ቀርቶ መሞትን ለጓደኛው ሲል ራሱ ነው የመረጠው። ፊልሙ ከ3 ሰዓት በላይ ነው፤ ዘፈኑን ቢቀንሱለት አይከፋኝም። ያን ሳንቲም ግን የሚያህል ነገር አላየሁም።

ወንድማለም ይህን ቆርጦ አስቀረብኝ። ከመተማ የደወለ ለትም «ደህና ነኝ፣ መንገዱ ቀላል ነው» ነበር ያለን።

ደግሞ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ከማሙሽ ጋር አየን። በፈረንጆቹ 2015 ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከነበጉ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎትየው የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። እርስዎን አሰብኩ፣ ይቅርታ። ፊልሙ ትንሽ ይጎተታል፤ ተራሮቹ ግን ያምራሉ። ማሙሽ «በጉን ያርዱታል?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም። ግን አልዋሸሁትም።

«ድፍረት» ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ፊልም ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ። ልጅቷ አንጀቴን በላችው። ሌሎቹ ተዋንያን ግን የችሎት ወረቀት የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። ይኸው ነው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያየንባት ማታስ ትዝ ትልዎታለች? ቬኒስም ዋጋዱጉም የተሸለመ፣ የጎንደር ልጅ የሠራው ነው ብዬ በግድ ያስቀመጥኩዎት። ጀርመን የተማረ ሐኪም እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ይመለሳል። ፊልሙ አንዴ ጀርመን፣ አንዴ ደርግ፣ አንዴ ልጅነት ነው። ግራ ገብቷቸው የሚተዉት አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔን የያዘችኝ እናትየዋ ናት። ልጇን የምታይበት ዓይን የእማዬ ነው። እማዬ ግን የሚመለስላት አላገኘችም።

ቴሌቪዥኑ ሙሉውን ጣና ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ ጆሮዎን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው «ይሄ የት አገር ነው?» አሉኝ።

ዕድሜዎን ሙሉ ሐይቁን በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ አድርገው የኖሩ ሰው! «ጣና ነው አባባ» አልኩ። «አውቃለሁ፤ አንቺን ልፈትን ብዬ ነው» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብን። ስድስት ወር ዝም አልኩ። እርስዎስ ስንት ዓመት ደበቁን? ግድግዳ እየዳበሱ ሲሄዱ «ጉልበቴ ነው» ይሉን ነበር እኮ።

ሚሚዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንድም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። እናትሽ ብትቆጣ በእኔ ይሁን።

አባባ፣ ቀዶ ጥገናው ለቀኝ ዓይንዎ ነው። የቀኙ ሞራ ነው። ሞራው ይወጣል፣ በምትኩ ሌንስ ይገባል፤ በእሱ ያያሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የግራው ግን ግላኮማ ነው። የዓይን ውስጥ ግፊቱ ነርቩን ጎድቶታል፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። እትዬ «ሁለቱም ይድናል» ያለችዎ ፈርታ ነው። እኔም በስልክ «አዎ» ያልኩት ፈርቼ ነው። ሐኪሙ ከነገረን ሦስት ሳምንት ሆነው።

ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። «አቃጠለኝ» እያሉ እንደሚዘሉት ሰምቻለሁ። እባክዎ አይዝለሉት። ሰዓቱን ሚሚ ትያዝልዎ።

ከቀጠሮው በፊት እመጣለሁ። የዘጌ ቡና አስፈጭቼ እይዛለሁ። የውሃ ደረሰኙን የት እንዳስቀመጡት ግን ለሚሚ ይንገሯት፤ ሰዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተዋል።

ስመጣ አንድ የምጠይቅዎ አለ። የአሚታብን ሞት ወንድማለም ነው በራሱ ያስቀረው? ወይስ እርስዎ ነዎት መንገድ ላይ «እሷን እንዳትነግራት» ያሉት?

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር