ሦስቱን ሠራተኞች ለማውጣት የወርቅ ባለሀብት ለምን ይጠበቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ወርቅ ስትዘግቡ አብዛኛውን ጊዜ የምትነግሩን ስንት ኪሎ ለብሔራዊ ባንክ እንደገባ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ሦስት ሰዎች ልጻፍላችሁ። የምኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ምፑማላንጋ ግዛት ውስጥ ነው። በዚህ አገር ትንንሽ ከተሞች ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። የእኛ ግዛት የወርቅ ከተማ ደግሞ ባርበርተን ናት።

በባርበርተን ወርቅ የተገኘው በ1876 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ በአፄ ዮሐንስ ዘመን። ያኔ ጆሃንስበርግ ገና አልተቆረቆረችም። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ዛሬም ይቆፈራሉ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሊሊ የሚባል የወርቅ ማውጫ አለ። ጥር 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ እዚያ ሥራ ላይ ነበሩ። የሚሠሩት ጉድጓድ ውስጥ አልነበረም። የሥራ ቦታቸው መሬት ላይ የቆመ ኮንቴይነር ነው፤ እኛ አገር መንገድ ዳር ሱቅ የሚደረገው ዓይነት። ወደ ታች የሚወርደው ሠራተኛ ራሱ ላይ የሚያስረውን መብራት የሚቀበለውና የሚመልሰው እዚያ ነው። ኮንቴይነሩ የቆመበት መሬት ግን ከሥሩ ተቆፍሯል። ቁፋሮው ሲካሄድ ጣሪያ እንዲሆን የተተወው አለት ተደረመሰ። መሬቱ ተከፈተ፣ ኮንቴይነሩም ከነሰዎቹ ሰመጠ።

በዚያች ሰዓት ከመሬት በታች ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ታች የነበሩት ወጥተው ላይ የነበሩት ቀሩ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። «የማዕድን ሥራ አደገኛ ነው፣ እያወቁ ነው የገቡበት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሦስቱ እኮ የገቡት መብራት ለማደል ነው። ኮንቴይነሩን እዚያ ቦታ እንዲቆም ያደረገ ሰው አለ።

ነፍስ አድን ሠራተኞች ፍለጋ ጀመሩ። ሳምንት ገደማ እንደሆነ መሬቱ እንደገና ተደረመሰና ፍለጋው ቆመ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሦስት ሰው ለማውጣት ሌላ ሰው ይሙት የሚል የለም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማውጫው ተዘጋ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ሠራተኛው ተበተነ። ሰዎቹን ለማውጣት አዲስ መግቢያ መቆፈር አለበት ተባለ። ለመቆፈር ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ ማውጫውን መልሶ የሚከፍት ባለሀብት ሲመጣ ነው ተባለ። እንዲህ ሆኖ የሰው አስከሬን ከወርቁ ገበያ ጋር ታሰረ። ባለሀብት ተገኘ ሲባል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ ሲባል፣ ዓመታት ነጎዱ። ቤተሰቦቹና የቀድሞ ባልደረቦቻቸው በማውጫው በር ላይ ሰፈሩ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የሞቱን ምክንያት ያጣራው ችሎት ኩባንያው ተጠያቂ ነው ብሎ ደመደመ። ያን ጊዜም ሦስቱ እዚያው ሥር ነበሩ።

ይህ ሐዘን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጇ ባሕር ወይም በረሃ ላይ የቀረባት ስንት እናት አለች? ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሰልስትና አርባ ይወጣል። እናት ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች። አፈር ያላለበሰችው ልጅ ሞተ ማለት እንዴት ይሆንላታል?

ሦስቱን ማውጣት አይቻልም የሚሉ አሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. በዚሁ አገር፣ ስቲልፎንቴይን በተባለ ቦታ የሆነውን ላስታውሳቸው። ያለ ፈቃድ የሚቆፍሩ ሰዎች በተተወ ጥልቅ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። መንግሥት ለወራት አልረዳም ብሎ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ትእዛዝ ሲመጣ ማሽን ቀረበ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 246 ሰው በሕይወት፣ 78 አስከሬን ወጣ። በእርግጥ ሁለቱ ቦታዎች አንድ አይደሉም። እዚያ የሚወረድበት ጉድጓድ ነበር፣ ሊሊ ያለው ግን የተናደ አለት ነው። ሥራው ከባድና ውድ ነው። ቢሆንም ወጪው በመጀመሪያ የባለቤቱ ዕዳ፣ ባለቤቱ ሲያቅተው ደግሞ የመንግሥት ዕዳ መሆን አለበት። የአዲስ ባለሀብት ትርፍ እስኪገኝ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው እኛም አገር ቁፋሮው እየጨመረ ስለሆነ ነው። ሻኪሶም አሶሳም ሰዉ ወርቅ ፍለጋ መሬት ውስጥ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ኦፓል ሲቆፍሩ ዋሻ የተደረመሰባቸው ወጣቶች ነበሩ። ሊያወጧቸው በእጅ መሣሪያ ሲታገሉ የነበሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ የማዕድን ፈቃድ የሚወስድ ኩባንያ ሁሉ ለነፍስ አድንና አስከሬን ለማውጣት የሚሆን ገንዘብ ሥራ ሳይጀምር በፊት በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። ቢከስርም፣ ቢሸጥም የማይነካ ገንዘብ። በባህላዊ መንገድ ለሚቆፍሩት ደግሞ ወረዳው ፓምፕ፣ የድጋፍ እንጨትና የሠለጠነ ሰው ቅርብ ቦታ ያዘጋጅ። ጋዜጠኞቻችሁ የማዕድን ሚኒስቴርን ይህን ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፦ ነገ አንድ ጉድጓድ ቢናድ፣ ቆፍሮ የሚያወጣው ማን ነው? በማን ገንዘብ? መልሱን ጋዜጣችሁ ላይ እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከምፑማላንጋ፣ ደቡብ አፍሪካ