አባቱ ልኮኝ ነው

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን የምታነብልዎት እታለም መሆኗን አውቃለሁ። እታለም፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ከመጣ አሁን አታንቢው፣ ማታ ይሁን። ደግሞ አትጩሂ። የደከመው ዓይናቸው ነው፣ ጆሯቸው ደህና ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ሦስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ሒሳብ ትወዳለች፣ በእኔ አልወጣችም። የትንሹ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ሲያወራ ፉጨት ይቀላቅላል። ለማዳበሪያ የላክሁት ብር ደረሰ? የጎተራው ክዳንስ ተሠራ? ዝናቡ ሳይቀድማችሁ።

እየዞርኩ እንደሆነ ገብቶዎታል። ቅኔ የተማረ ሰው ፊት ሰም ብቻ ይዞ መቀመጥ አያዛልቅም።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ፊልም ቤት ገባሁ። የቤተሰብ ኮሜዲ ነው ተብለን ነው። ልጅዬው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። አባት ሳይነግሩት ከገጠር ከች ይላሉ፣ በግ ይዘው። በጉን እየጎተቱ አራት ፎቅ በደረጃ ይወጣሉ። ጠዋት በየበሩ ቆመው እንዴት አደራችሁ ሲሉ ሰው በሩን ይዘጋባቸዋል። ልጁ ፓስታውን በሹካ ይጠቀልላል፤ አባት እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ፤ የሚያጎርሳቸው የለም።

አባት ሆኖ የሠራው ተዋናይ አነጋገሩ የየትም አገር አይደለም። የገጠር ሰው ሁሉ የሚጮህ ይመስላቸዋል። እርስዎ ሲቆጡ ድምፅዎ እንደሚቀንስ ማን በነገራቸው! ቢሆንም ስቄያለሁ። በጉ አልጋ ላይ የወጣ ጊዜማ እንባዬ እስኪወርድ።

ከዚያ የልጁ አለቃ ቤት ይመጣል። «እኚህ ማናቸው?» ይላል። «ጥበቃችን ናቸው» ይላል ልጁ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትልቋ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አባቱ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። «ፊልም እኮ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ምን እንደታየ አላስታውስም፤ መጨረሻው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ዝግ ብለሽ አንብቢ።

አባዬ፣ ሐምሌ 2001፣ ባሕር ዳር፣ የምረቃዬ ቀን። የሞጣን መንገድ አቧራ ጠጥተው፣ ጋቢዎን ተከናንበው፣ ዱላዎንና ድፎውን ይዘው መጡ። ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ስንነሳ አንዷ «ማን ናቸው?» አለችኝ። «የአገሬ ሰው ናቸው» አልኩ። በሬያችንን ቦራን ሸጠው የገዙልኝን ሱፍ ለብሼ። ቀና ስል ሰምተዋል። እሷ ደግሞ ጨዋ ናት፣ እጅ ነስታ «አባቱስ አልመጡም?» ብላ ጠየቀችዎት።

«አባቱ ልኮኝ ነው» አሉ።

«ልከውኝ» እንኳ አላሉም። ስለ ሌላ ሰው አባት የሚያወራ እንደዚያ አይልም፤ ስለ ራሱ የሚያወራ ነው እንጂ። እሷ ልብ አላለችም። ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ይቺ አንድ ቤትም አልሞላች። ሰሙ ለእሷ ደረሰ፣ ወርቁ ለእኔ። ከዚያ ድፎውን ቆርሰው አበሏት።

ማታ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ለእማዬም አልነገሩም፤ ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ነፍሷን ይማርና በዋዛ አትለቀኝም ነበር። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር «አባትህ ሰላም ብሎሃል» ይሉኛል። «አባትህን ልጥራልህ?» ይሉኛል። ባለቤቴ «አባትህ ሲቀልዱ ደስ ይላሉ» ትላለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሠርጌ ዕለት ተነሥተው «አባቱ የላከውን ምርቃት ላድርስ» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሙሽራው ዓይነ አፋር ነው ተባለ።

አባዬ፣ ይህስ ግፍ አይደለም? 16 ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ያኔውኑ በአለንጋ ቢሉኝ አልቆልኝ ነበር።

ይቅርታ ልል ጀምሬ ወቀሳ ሆነብኝ። በደለኛው እኔ ነኝ። ያፈርኩት በጋቢዎ ነው። ይችን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኳትም፣ ለባለቤቴም።

በፊልሙ መጨረሻ ልጁ መናኸሪያ ድረስ ይሮጣል። «አባቴ ናቸው!» ብሎ ይጮሃል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ያጨበጭባል። ውሸት ነው። መናኸሪያውን እናውቀዋለን፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ለማን ብሎ ይቆማል?

አሁን የዓይንዎን ነገር። ሐኪም ጠይቄያለሁ። ሞራ በጠብታ አይጠፋም። በቀዶ ሕክምና ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ደግሞ ሲቆይ እየጠጠረ ሥራውን ያከብደዋል አሉኝ። «ሰማንያ ዓመት ያየሁበት ይበቃኛል» ማለትዎን እታለም ነግራኛለች። ለእርስዎ ይበቃዎት ይሆናል። ትንሹን ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። እየቆየን ስንሄድ እኔ የምፈራው... ይቅር፣ እታለም ታልቅሳለች።

መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ደጀን ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። የዓባይን በረሃ አብረን እንወርዳለን። ሰኔ መጨረሻ ላይ በትልቋ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን አለ። እዚያ «ማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም።

ጋቢዎን ይዘው ይምጡ። በጉ ይቅር፤ እኛም አራተኛ ፎቅ ነን።

ልጅዎ

እታለም፣ ምን እንዳሉ ደውለሽ ንገሪኝ። ዝም ካሉም ንገሪኝ።