የዘንድሮው ኤግዚቢሽናችን ለምን ቦሩ ሜዳ ሆነ?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? እኛ ጋ ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ ነበር። ደሴ ያላችሁት ታውቁታላችሁ።

ጋለሪያችን ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላው። ደሴ ፒያሳ ያለችው ክፍላችን አምስት ሰው ከገባባት ስድስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው ስዕል የሚያየው። ለልደታችን ሰፋ ያለ ቦታ ስንፈልግ ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አካባቢ አንድ የድሮ የባላባት ቤት አገኘን። መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንከፍታለን፤ ጥቅምት እስኪያልቅ እንቆያለን።

“ዘመናዊ ስዕል አሮጌ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?” ያላችሁን አላችሁ። ደሴ ላይ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። የደሴ ሙዚየምም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። ቦሩ ሜዳ ሲባል ግን ሰው ትዝ የሚለው ወይ የ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ ነው፣ ወይ ሆስፒታሉ። ዘንድሮ ስዕልም ይጨመርበት ብለናል።

ቤቱ የጭቃ ነው። ቋሚው ጽድ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። የአንዱ ክፍል ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። ልናነሳው አስበን ተውነው። ስዕሉን ትቶ ጋዜጣ የሚያነብ እንግዳ እንደማይጠፋ ከወዲሁ ይታየናል።

የቤቱ ባለቤት እናታችን ኪራይ ላይ ብዙም አልተከራከሩንም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ምስማር እንዳትመቱብኝ።” እኛ ግን ቀድመን ጓዳው ውስጥ አንዷን ሞክረን ነበር። የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ምርጊት ይዛ ወረደች። ሳያዩን መረግነው። (አይተውታል።) ስለዚህ ስዕሎቹን ሁሉ ከጣራው ወራጅ ላይ በሽቦ አንጠልጥለናቸዋል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይርቃሉ። እንዲያውም ሳይሻል አልቀረም፤ ክረምት የጠጣ ጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም፣ ሸራ ከተጠጋው ይላላል፣ ይሻግታል። ልጆች ይዛችሁ ከመጣችሁ ብቻ ዥዋዥዌ እንዳይመስላቸው አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስዕል ብትገዙ በዕለቱ ይዛችሁ አትሄዱም። ምክንያቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። አምና ለአንድ ደንበኛችን የዘይት ቀለም ስዕል በላስቲክ ጠቅልለን ላክን። እቤታቸው ሲፈቱት ላስቲኩ የቀለሙን ቆዳ ይዞ ተነሳ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ገንዘባቸውን መልሰናል። የዘይት ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ውሃው ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ላዩ በቀናት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፤ ወፍራም የተቀባው ውስጡ ግን ስድስት ወር፣ ዓመትም ይፈጃል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ከ“ተሽጧል” ምልክቱ ጎን ስዕሉ የተሠራበትን ወር እንጽፋለን። ግማሹን ትከፍላላችሁ፣ ስዕሉ እስከ መዝጊያው እዚያው ይሰነብታል፤ ቀሪውን ስትረከቡ ትከፍላላችሁ። እስከዚያ ያልደረቀውን እኛው ጋ እናቆየዋለን። ቶሎ በሚደርቀው በአክሪሊክ ቀለም የተሠራ ከሆነ ችግር የለም፣ በመዝጊያው ቀን ትወስዱታላችሁ። ዋጋ አልጨመርንም።

የምንከፍተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። ቤቱ ውስጥ መብራት የለም፤ በመስኮት ብርሃን ነው የምናየው። የውሃ ቀለሞቹን ፀሐይ ስለሚያደበዝዛቸው ጨለም ያለው ክፍል ውስጥ ሰቅለናቸዋል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ታገሡ።

ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከጋለሪያችን በር ሚኒባስ ይነሳል፣ በነፃ ነው። በሌላ ቀን በራሳችሁ የምትመጡ ደውሉልን፣ መንገዱን እናሳያችኋለን። መኪና እስከ ግቢው በር አይደርስም፤ የመጨረሻዋን ቁልቁለት በእግር ነው፣ ጭቃው ደግሞ ገና አልጠፋም። ሸራ ጫማ ይቅርባችሁ። ጋቢም ያዙ። ቡና እኛ ጀባ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋለሪው ቤተሰብ፣ ደሴ