የቤተ ንባባችን ጣሪያ፦ ፍሬሾች ሳይጠሩ እንጨርሰው

ሰላም የግንፍሌና የአምስት ኪሎ ልጆች። እዚሁ ያላችሁም፣ አራብሳና ገላን ጉራ የገባችሁም፣ ውጭ ያላችሁም፣ እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ። ይኸው ደግመን መጣን። «እነዚህ ሰዎች ብር ከመጠየቅ ሌላ ሥራ የላቸውም» የሚል እንዳለ እናውቃለን። ባንጠይቅ እኛም ደስ ባለን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ የቤተ ንባባችን ጣሪያ ከግማሽ በላይ ወደ ውስጥ ወርዷል። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ኮርኒሱ ከነመብራቱ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነው ያረፈው። የተረፉት መጻሕፍት እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር ተደርድረዋል። የእድሩ ሰዎች እስካሁን ችለውናል፤ ግን ለቅሶ በመጣ ቁጥር ድንኳን ለማውጣት መጻሕፍት አንስቶ መልሶ መደርደር ሰልችቷቸዋል፣ እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ተሰበሰበ። ከዚያ ቀጥ አለ። የሚያስፈልገው 640,000 ብር ነው፤ እጃችን የገባው 215,000 ብር። ምክንያቱ ይገባናል። መስከረም ነው፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በ2016 ደግሞ የፒያሳና የአራት ኪሎ ዙሪያ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ከመዋጮ ከፋዮቻችን ብዙዎቹ ከተማው ዳር ገብተዋል። ድሮ በእድር ቀን እጅ በእጅ ይሰጥ የነበረው መዋጮ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ይርቃል። ለዚህ ነው በጽሑፍ የምንጨቀጭቃችሁ።

ታዲያ ለምን ተጣደፋችሁ ካላችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል፣ ግቢዎች (ዩኒቨርሲቲዎቹ ማለት ነው) ፍሬሾችን፣ አዲሶቹን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ መጥራታቸው አይቀርም። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሰጠው በ2014ቱ ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተፈታኝ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ከእነዚህ ጥቂቶች መሀል የሰፈራችን ልጅ ሲገኝ እልል ብለን ዳቦ እንቆርሳለን። ከዳቦው በኋላ ያለውን ነው የምንረሳው።

«መንግሥት ያበላቸዋል፣ ያስተኛቸዋል፣ እኛ ምን ቤት ነን?» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ልክ ነው፣ ካፌና ዶርም አለ፤ እሱም ቢሆን ከ1996 ጀምሮ በኮስት ሼሪንግ ተመርቀው የሚከፍሉት ዕዳ ነው። ግን ኮስት ሼሪንግ አንሶላ አይገዛም። ብርድ ልብስና ባልዲ አይገዛም። የሎከር ቁልፍ አይገዛም፤ ቁልፍ የሌለው ፍሬሽ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ስልኩን ወይ ጫማውን ያጣል። ለሀንድአውት ኮፒ ቤት የሚከፈለውንም ማንም አያስብለትም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ትምህርቱ ነው። ከ2012 ጀምሮ አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው የሚወሰደው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማትስ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ እያለ ይቀጥላል። ስሙ ሲጠራ ቀላል ይመስላል። ዲፓርትመንት የሚደርሰው ግን በዚያ ዓመት ውጤት ነው። ሜዲስን ወይ ሶፍትዌር የሚመኝ ልጅ የመጀመሪያውን ሚድ ካበላሸ በኋላ ቢነቃ አስቸጋሪ ነው። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሲገለብጡ አድገው፣ ድንገት ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ስላይድ እየተገለበጠ ሲያልፋቸው ይደነግጣሉ፣ ለመጠየቅ ያፍራሉ፣ ሲኒየር የማያውቅ ልጅ ደግሞ ያለፈው ዓመት ፈተና የት እንደሚገኝ እንኳ አያውቅም። 50 በመቶ ሳይሞላላቸው ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የገቡትማ ጭንቀታቸው ሌላ ነው፤ ያንን ካላለፉ ፍሬሽማን የሚባል ነገር የለም። ከቤት እየተመላለሰ የሚማረው ደግሞ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥንና ከታናናሾቹ ጋር ተፋጦ ነው የሚያነበው።

ቤተ ንባባችን ከ2011 ጀምሮ የሚሸፍነው ይህንን ክፍተት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ሲኒየሮች መጥተው ማትስና ሎጂክ ያስጠናሉ፣ በነፃ። በ2012 በኮሮና ግቢዎች ሲዘጉ ሀንድአውት በቴሌግራም እየላክን ልጆቹ ከትምህርቱ እንዳይርቁ አድርገናል። ሪሜዲያል ሲመጣም የማታ ጥናት ጀመርን። በዚያ ጣሪያ ስር አጥንተው ዛሬ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ባንክ የሚሠሩ ልጆች አሉን። (ስልካቸውን የማያነሱም አሉን፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

አሁን ወደ ሐሜቱ እንምጣ። በየለቅሶ ቤቱ «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» ተብሏል። አምና የገባው 180,000 ብር ነው። 96,000 ብር ለ40 ፍሬሾች አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲና ቁልፍ ተገዛበት። 52,000 ብር ለመጻሕፍትና ለኮፒ ወጣ። 20,000 ብር ለመብራትና ለዋይፋይ። የቀረው 12,000 ብር ባንክ ነበር፣ አሁን ከ215,000ው ጋር ተደምሯል። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፣ መጥቶ ማየት ይቻላል። ኮሚቴው አበል አይበላም፤ የስብሰባ ቡናችንን እንኳ አንዲት የእድራችን እናት በራሳቸው ቡና ነው የሚያፈሉልን። «ጣሪያው ለምን ቀድሞ አልተጠገነም?» ለምትሉም፣ የአምናው ብር በሙሉ ቢደመር ጣሪያውን አይጨርስም ነበር። ልጆቹን መረጥን። ዛሬም ብንጠየቅ ልጆቹን ነው የምንመርጠው።

የአሁኑ ዋጋ የበዛው እንጨቱን በብረት ለመቀየር ስለወሰንን ነው። በባሕር ዛፍ ቢሠራ ይረክሳል፣ ግን የወደቀውም ባሕር ዛፍ ነበር፣ ምስጥ በልቶት። ከሦስት ቦታ ዋጋ ሰብስበን ዝቅተኛውን ይዘናል። ቆርቆሮ በዓይነት መስጠት የምትፈልጉ፣ ብየዳ የምትችሉ፣ ለአንድ ቅዳሜ ጉልበታችሁን የምትሰጡ፣ እሱም ብር ነው።

ክርስቲያኑ አስራቱን፣ ሙስሊሙ ዘካና ሰደቃውን የት እንደሚያውል እኛ አናስተምረውም። ግን አራት ኪሎ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ከተከፈተ ጀምሮ ይህ ሰፈር የተማሪ ጎረቤት ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣውን ቤት አከራይቶ፣ እንጀራ በዱቤ ሰጥቶ፣ ሲታመም ሾርባ አድርሶ ያስተማረ ሰፈር ነው። የወላጆቻችን ወግ በእኛ ዘመን ሲቋረጥ ማየት አንፈልግም። የ50 ሎሚውን ተረት አንደግመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ 500 ብርም ብትሆን አትናቋት።

ስለ ክፍያው እባካችሁ በደንብ አንብቡ። ገንዘቡ የሚገባው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በእድሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ነው። የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፈራሚ ነው። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ባለፈው አንድ አሃዝ ተሳስቶ ሲዞር ስለነበር ነው፤ ትክክለኛው አብሮ በተላከው፣ የእድሩ ማኅተም ባለበት ምስል ላይ አለ። አዳራሹ በር ላይም ተለጥፏል። ከቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ ላኩ። በግለሰብ ስም የመጣ ቁጥር የእኛ አይደለም፣ የኮሚቴ አባል ስም ቢሆን እንኳ አትላኩ። ምክንያት በሚለው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ።

የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 15 ነው። ብረቱን የሚሸጥልን ሰው ዋጋውን እስከዚያ ብቻ ነው የያዘልን። የላካችሁ ደረሰኙን ለሒሳብ ሹማችን አድርሱ፤ የገባው ብር እሁድ እሁድ በር ላይ ይለጠፋል። ደግመን እንላለን፦ በእድሩ ስም፣ ማኅተም ያለበት ቁጥር፣ ምክንያት «ጣሪያ»።

የቤተ ንባቡ ኮሚቴ
መስከረም 2018