ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስትጽፉ ድንጋዩንም ጠይቁት

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል ተመዘገበ» ትላላችሁ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ለእኛ ለወሎዬዎች ግን ቁጥር ብቻ ምን ያደርግልናል? በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውን፣ ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳውን መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፣ መሣሪያም መዝግቦታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሺህ ዓመታት የሆነውን ማን ይንገረን? ድንጋዩ ነዋ!

የእኛ አገር መሬት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ አፋር ደረጃ እየሠራ የሚወርደው ዝም ብሎ አይደለም፣ ስንጥቅ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ዕድል ከቀናችሁ መንገድ በቆረጠው ገደል ላይ የተወለወለ የሚመስል፣ ጭረት የተሰመረበት የድንጋይ ፊት ታገኛላችሁ። ጭረቱ የተንሸራተተበትን መስመር ያሳያል። እጃችሁን በጭረቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኪዱት፤ ብዙ ጊዜ የሚለሰልሰው አቅጣጫ በዚህ ፊት ላይ ተንሸራትቶ የሄደው፣ አሁን እዚያ የሌለው ድንጋይ የሄደበት ነው (ሁሌ አይሠራም፣ ግን ለጀማሪ ጥሩ ነው)።

ዋናው ጉዳይ ግን በዓይን አይታይም። ድንጋዩ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሳሳ ተሞርዶ ብርሃን ሲያልፍበት፣ በማይክሮስኮፕ ሰበቃው ምን እንደሠራ ይታያል። ወደ ላይ ቀረብ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ቅንጣቶቹ ወፍጮ በደንብ ያልፈጨው እህል ይመስላሉ፣ ጠርዛቸው የሾለ ክክና ዱቄት አንድ ላይ። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እንደ ኳርትዝ ያሉ ማዕድናት መሰበሩን ትተው ይለጠጣሉ፣ በቦታቸውም ደቃቅ አዲስ ቅንጣት ይበቅላል፤ ይሄ ማይሎናይት ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛው ነው። መንቀጥቀጥ ሲነሳ ድንጋይ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይንሸራተታል፣ ሰበቃው ያቀልጠዋል፣ ቅላጩም ወዲያው ደርቆ ጥቁር መስታወት የመሰለ ቀጭን ጅማት ይሆናል። ፕሱዶታኪላይት ይሉታል፣ ጥንት መንቀጥቀጥ ለመኖሩ ከዚህ የጠነከረ ምስክር ብዙም የለም።

ታዲያ የወሎ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ላይ ይሄን መስታወት ፍለጋ እንዳትለፉ፣ እዚህ የሚጠበቀው የተሰባበረውና የላመው ነው። ማይሎናይት ለማየት ከሥር የነበረው የጥንት ድንጋይ ወደ ላይ የወጣበት፣ እንደ አዶላ ያለ ቦታ ይሻላል።

አንድ ልመና አለኝ። አዲስ መንገድ ሲቆረጥ፣ ገደሉ በግንብ ከመሸፈኑ በፊት ጂኦሎጂስት አይቶት ናሙና ይውሰድ፤ እናንተም ጠይቁልን። በሚቀጥለው የመንቀጥቀጥ ዜናችሁ ላይ ደግሞ ከተሰነጠቀ ግድግዳ ፎቶ ጎን አንድ የማይክሮስኮፕ ምስል አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ