ከመርፌው በፊት ምርመራው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ከብት፣ ስለ ዶሮና ስለ ንብ በሽታ ደጋግሞ ይጽፋል። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ዛሬ እኔ የምጽፍላችሁ ግን ብዙ ስለማይጻፍላቸው ስለ ውሻና ድመት ነው። እዚህ ባሕር ዳር ውሻ ታመመ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው መርፌ ነው። ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ) ይወጋል፣ ቫይታሚን ይጨመርለታል፣ «ካልተሻለው መልሳችሁ አምጡት» ይባላል። ከተሻለው እሰየው። ካልተሻለው ደግሞ ሌላ መርፌ ነው። ደሙ አይታይ፣ ሰገራው አይታይ፣ ሽንቱ አይታይ። እኔ የምለው መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ ይታከም ነው።

የሚያስመልስ ቡችላ እንውሰድ። የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። ፓርቮ የሚባለው የቡችላ ተቅማጥ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ቀምሶም ሊሆን ይችላል። እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን፤ ክረምት ላይ መንገድ ዳር የሚጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሻ እንዳለ ይውጠዋል፣ ዓሣ የሚበለትበት ቦታ የሚዞረው ደግሞ አንጀት ሲጎትት መንጠቆውንም አብሮ ይውጣል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ያው ነው፤ ያስመልሳል፣ አይበላም፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሕክምናው ግን ለየቅል ነው። አንጀቱ የተዘጋ ውሻ መርፌ አያድነውም፣ ቀዶ ጥገና ነው የሚያድነው። ፓርቮ ደግሞ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም። አንቲባዮቲኩ የሚሰጠው ሌላ ባክቴሪያ ተደርቦ እንዳይጥለው ነው፤ ቡችላውን በሕይወት የሚያቆየው በዋናነት በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ ነው። የፓርቮ መመርመሪያ ኪት አለ፣ ከሰገራው ትንሽ ተወስዶ በ10 ደቂቃ አካባቢ ውጤት ይሰጣል። ያቺ ውጤት ቡችላው በፈሳሽ ይታገዝ ወይስ ሌላ ነገር ይፈለግ የሚለውን ትወስናለች፣ ሌሎቹን ቡችላዎች ቶሎ ለመለየትም ትረዳለች።

የመዥገር በሽታም እንደዚሁ ነው። ውሻው ይተኩሰዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይከሳል። ኤርሊኪያ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ የኦክሲ ዘመድ የሆነው ዶክሲሳይክሊን ይሠራለታል። ኦክሲ «ለሁሉም ነገር» የሚል ስም ያተረፈው በከፊል እንዲህ ባለው ምክንያት ይመስለኛል፤ አንዳንዴ በአጋጣሚ ይገጥማል። ባቤዥያ ከሆነ ግን ጥገኛው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው የሚኖረው፣ የሚፈልገውም ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከጆሮ ጫፍ የተወሰደ ጠብታ ደም፣ ስላይድ፣ ጊምሳ ቀለምና ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሱን አይቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የግድ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ጊቢያችንን የምትጠብቅ ሴት ውሻ አለችን። የወንድ ፍላጎቷ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ውሃ በጣም መጠጣት ጀመረች፣ ምግብ ተወች፣ ሆዷ ተነፋ። የወሰድናት ክሊኒክ «የሆድ ነው» ብሎ ወጋት። መልሰን ወሰድናት፣ እንደገና ወጋት። ማንም ሆዷን በመሣሪያ እንይ አላለም። በመጨረሻ የደረሰላት ላሞች መፀነሳቸውን በአልትራሳውንድ ለማየት በየወተት እርባታው የሚዞር ሐኪም ነው፤ ጎረቤቴ ጋ መጥቶ ሳለ ለመንኩት፣ እሱም ያንኑ የላም መሣሪያ ሆዷ ላይ አሳረፈ። ማህፀኗ መግል ሞልቶ ነበር። ይህ በሽታ ባልመከኑ ሴት ውሾች ላይ የታወቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎት ካለፈ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ማህፀኑ ካልወጣ ወይም ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ዳነች። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ ማለፉ ነው። ምልክቱ በሙሉ ነበረ፤ ያልመከነች ሴት ውሻ ውሃ እያበዛች ሆዷ ሲነፋ ማህፀኗን መጠርጠር ያስፈልጋል፣ ጠርጥር ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ።

ስለ ራጅና አልትራሳውንድ ሰው ሲያወራ አንዱ የሌላው ርካሽ ምትክ ይመስለዋል። አይደለም። ራጅ አጥንት፣ ብረትና ሳንባ በደንብ ያሳያል፤ የተዋጠው መንጠቆ ራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው። ቆረቆንዳው ግን ራጅ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፣ አልትራሳውንድ የተሻለ ዕድል አለው። አልትራሳውንድ ድምፅ ስለሆነ ጨረር የለውም፣ ፈሳሽና ለስላሳ አካል ያሳያል፣ አጥንትና አየር ግን ያግዱታል። እርግዝና ላይም ይለያያሉ። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ አልትራሳውንድ ከ25ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ እርግዝናውንና የልብ ምቱን ያሳያል፣ ስንት ቡችላ እንዳለ ለመቁጠር ግን አጥንታቸው ከጠነከረ በኋላ፣ በተለይ ከ55ኛው ቀን ወዲህ፣ ራጅ ይሻላል። ራጅ ሲነሳ ደግሞ አንድ ፎቶ አይበቃም። ቢያንስ በጎንና ከፊት ወይም ከጀርባ፣ ሁለት መሆን አለበት። አንዱን ብቻ አንስቶ «ስብራት የለውም» የሚል ካለ አትመኑት።

በባጃጅ የተገጨ ውሻም አለ። እግሩ ካልተሰበረ «ተርፏል» ይባልና ወደ ቤት ይመለሳል። ደረትና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ተቀዶ አንጀቱ ወደ ደረቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ጭረት ሳይኖረው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነ ደረቱ ራጅ ያስፈልገዋል። ይህን አገልግሎት ለማግኘት ሰው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ቢሾፍቱ ድረስ እንዲያስብ መገደድ የለበትም። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቢሾፍቱ ከ500 በላይ ነው፤ መተንፈስ ያቃተው ውሻ ይህን መንገድ አይችልም።

አንዳንዱ ሰው ሲቸግረው የድመቱን ደም አስቀድቶ ወደ ሰው ላብራቶሪ ይወስዳል። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ ውጤቱን ግን ጠንቅቆ ማንበብ ያስፈልጋል። የድመት ቀይ የደም ሴል ከሰው ያነሰ ነው፣ ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ደግሞ ትልልቅ ነው፤ ለሰው ደም የተስተካከለ ማሽን ሁለቱን ያምታታቸዋል። ወረቀቱ ላይ «ከፍተኛ»፣ «ዝቅተኛ» የሚለው ምልክትም የተወሰደው ከሰው መለኪያ ነው። ለምሳሌ በደሟ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ 32 በመቶ የሆነ ድመት ደህና ናት፣ ሰው ቢሆን ግን ደም ማነስ ይባላል። ስለዚህ ያንን ወረቀት ይዞ መድኃኒት ቤት መሮጥ አደገኛ ነው።

ድመት ካነሳሁ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ወይም ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እያማጠ ምንም ካልወጣው «ሆዱ ደርቆ ነው» ብላችሁ ዘይት አታጠጡት። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በእጁ ሆዱን ዳብሶ ፊኛው ጠንክሮና ተወጥሮ ካገኘው ማሽን ሳይጠብቅ ቧንቧውን መክፈት አለበት፤ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ልቡን ያቆማል፣ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ መትረፉ ያጠራጥራል። ሁለተኛው ፓራሲታሞል ነው። ለድመት መርዝ ነው። ግማሽ ፍሬም ቢሆን አትስጧት፣ ለልጅ የሚሰጠውን ሽሮፕም ጭምር።

ኩላሊትም አለ፣ በተለይ ያረጁ ድመቶች ላይ። ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊቱ ሥራ ሦስት አራተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ ነው። ሽንቱ መቅጠኑ ግን ቀደም ብሎ ይታወቃል፣ ለዚያም ሪፍራክቶሜትር የምትባል በእጅ የምትያዝ መሣሪያና የሽንት ጠብታ ይበቃል። መብራት እንኳ አትፈልግም!

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምንድን ነው? ስለ ምርመራ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመጣው መልስ «ማሽኑ ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር የለም» የሚል ስለሆነ ነው። እኔ በትልቁ ማሽን እንጀምር አላልኩም። በማይክሮስኮፕ እንጀምር። ሰገራን በጨው ውሃ አንሳፍፎ የትል እንቁላል ማየት ይቻላል፤ ድዱ ወረቀት የመሰለ ቡችላ ደሙን የመጠጠው መንጠቆ ትል መሆኑ እዚያ ይታወቃል። የጎዳና ውሾች ብልት ላይ የሚወጣውና የሚደማው፣ በመገናኘት የሚተላለፈው ዕጢም ቢሆን ስላይድ ነክቶት ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ሴሎቹ ይለያሉ፤ ሲታወቅ ደግሞ በየሳምንቱ በሚሰጥ ቪንክሪስቲን በሚባል የካንሰር መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ብዙ ሰው ግን «የማይድን ቁስል ነው» እያለ ውሻውን ያባርራል ወይም ያስገድላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከማይክሮስኮፑ ቀጥሎ አልትራሳውንድ ይምጣ፣ ለላም የሚሠራው እዚሁ አለና። ራጅ ሦስተኛ ይሁን፣ ክሊኒኮች ተሰባስበው አንድ ቦታ ቢተክሉት ይበቃል።

ውሻ የማይወድ አንባቢ ይኖራል፣ እሱም ይስማ። የእብድ ውሻ በሽታ ያለበትን ውሻ በሕይወት እያለ በእርግጠኝነት የሚለይ ምርመራ የለም። የሚረጋገጠው ከሞተ በኋላ ከአንጎሉ ናሙና ተወስዶ ነው። እኛ ሰፈር ውሻ አብዷል ከተባለ ጭንቅላቱ በድንጋይ ይፈጫል፣ ከዚያ ወይ ይቀበራል ወይ ይቃጠላል፤ ምርመራው ያኔ አበቃ። ሰው የነከሰ ውሻ ጤነኛ ከመሰለና ማሰር ከተቻለ ለ10 ቀን ይጠበቅ። ከሞተ ወይም መገደሉ ግድ ከሆነ ጭንቅላቱ አይነካ፣ ማንም በባዶ እጁ አይንካው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። የተነከሰው ሰው ግን የውሻውን ውጤት ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።

የውሻና የድመት ባለቤቶችንም ልናገራችሁ። ለዘሩ ብለን ቡችላ በብዙ ሺህ ብር እንገዛለን፣ የሰገራ ምርመራ ሲባል ግን እጃችን ያጥራል። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ ምርመራ ማዘዝ ይተዋል። «ዝም ብለህ ውጋው» የምንለው እኛው ነን። ክሊኒክ ስትሄዱ የዛሬውን ሰገራ በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደበላ፣ ስንቴ እንዳስመለሰ፣ ሴት ከሆነች ፍላጎቷ መቼ እንደነበረ ጽፋችሁ ያዙ። ለአልትራሳውንድ ከቀጠሯችሁ በፊት ምግብ ማቆም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሆዱ አየርና ምግብ ከሞላ ምስሉ ይበላሻልና። ደግሞ «ምን አግኝተህ ነው ይህን መድኃኒት የምትሰጠው?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ከተማችን የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ አላት፤ ከውሻና ድመት ምን ዓይነት ናሙና እንደሚቀበልና በስንት ብር እንደሆነ በግልጽ ይንገረን። ዘንዘልማ ያለው የግብርና ኮሌጅም ሐሳብ ቢሰጥበት ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎች ስላይድ ማንበብ የሚለማመዱበት ናሙና በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ከሽምብጥ እስከ ግሽ አባይ። እናንተም ጋዜጠኛ ልካችሁ የትኛው ክሊኒክ የሰገራ፣ የደምና የሽንት ምርመራ እንደሚሠራ፣ የትኛው አልትራሳውንድ እንዳለው፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ እሑድና ማታ ማን እንደሚከፍት ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ አትሙልን። ዝርዝሩ ሲወጣ ቆርጬ በሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር